የተሾመው ደንበኛ

ይህን አገር ፈልጋችሁ አታገኙትም። እኔም አላገኘሁትም፤ ወሬው ነው እኔን ያገኘኝ። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ «ይሄ እነ እከሌን ነው» እያላችሁ ጣጣ ውስጥ እንዳትከቱኝ። እኔ የማወራው ከፎም ስለሚሠራ አውሮፕላን ነው፤ ሌላ ነገር ከመጣባችሁ ከራሳችሁ የመጣ ነው።

አገሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። መሃሉ ላይ ገደል አለ። ገደል ስላችሁ የሰፈራችንን ቦረቦር እንዳታስቡ፤ ቁልቁል ሲያዩት ራስ የሚያዞር፣ ከሥሩ ወንዝ የሚጮህበት፣ ከዚህ አፋፍ የተጠራ ስም ከዚያ አፋፍ የማይሰማበት ገደል ነው። ቀድሞ ድልድይ ነበረው። ሰዉ ወዲህና ወዲያ እያለ ይጋባል፣ ይገበያያል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። አንድ ክረምት ድልድዩ ተናደ። እንደገና ይሠራል ተባለና መሠረት ድንጋይ ተጣለ። በዓመቱ ሌላ ተጣለ። ሹም በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ሹም የራሱን ሳይጥል እንቅልፍ አይወስደውም። ያ ሁሉ መሠረት ድንጋይ ቢሰበሰብ እኮ ራሱ ድልድይ ይወጣው ነበር! ግን ማን ይሰብስበው።

ድልድዩ ሲቀር አውሮፕላኑ መጣ። ከባሕር ማዶ ለቤተ መንግሥቱ የሚገባ ዕቃ ሁሉ እንዳይሰበር በነጭ ፎም ታጭቆ ነው የሚመጣው። ዕቃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ፎሙ ለሕዝቡ ይጣላል። አንድ ሰው ያን የተጣለ ፎም በጋለ ሽቦ ቆረጠ፤ ሰፊ ክንፍ አወጣለት፤ ሆዱን ፈልፍሎ ትንሽ ጥቅል ከተተበትና ከአፋፉ ወረወረው። በዚያ አገር ንፋሱ ሁልጊዜ ከዚህ ወደዚያ ነው የሚነፍሰው፤ ንፋሱ ተቀበለው። እየተንሳፈፈ ሄዶ ወዲያ ማዶ ሣር ላይ አረፈ። ያን ቀን ሽማግሌው ሁሉ እንደ ልጅ አለቀሰ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጨው ላጣ ጨው፣ መድኃኒት ላጣ መድኃኒት ይላክ ጀመር። ወዲያ ማዶ ያሉት መልሰው መወርወር ስለማይችሉ በጨርቅ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ቤት በየዛፉ ላይ ይሰቅላል፤ ነጭ ከሆነ ደስታ ነው፣ ቀይ ከሆነ የታመመ አለ፣ ቀዩ ትንሽ ከሆነ የታመመው ሕፃን ነው።

ሥራው ሲለመድ ሠሪዎቹ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ አለቃ ሊቀ ክንፍ ይባላል። ሊቀ ክንፍ አደፍርስ ድምፁ የሚያምር፣ ሲናገር ሰው የሚያስጨበጭብ፣ በዕድሜው አንድ አውሮፕላን ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ወደ ገደሉ የሚወርደውን የእግር መንገድ ማስዘጋት ሆነ። ለካ መንገድ ነበረ! ጉልበት ያለው ሰው ማለዳ ተነስቶ ይወርዳል፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ ይሻገራል፣ ሲመሽ ወዲያ ማዶ ይደርሳል። «አውሮፕላን እያለ በእግር መሄድ አውሮፕላኑን መናቅ ነው» አለ ሊቀ ክንፍ። የአገሩ ገዥ ስሙ ስለማይጠራ ላይኛው ነው የሚሉት፤ ላይኛውም «እውነት ነው» አለ። መንገዱ በእሾህ ታጠረ፣ አዋጅ ተነገረ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ሥርዓት የእጅ ሥርዓት ነው። አውሮፕላን ከወደቀ ጥፋቱ የወረወረው እጅ ነው፤ የአውሮፕላኑ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ከማኅበሩ ከመውጣቱ በፊት ተወዷል። እንዴት እንደተወደደ አሁን እነግራችኋለሁ። ብቻ የወረወረው ሰው እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ፈትቶ አይሠራበትም። በመንገድ ስትሄዱ ግማሹ ሰው እጁን አንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። እንግዳ ቢያይ ጦርነት ነበረ እንዴ ይላል።

ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ዝም አላለም። ማኅበሩ ደጅ እየመጣ ይጮህ ነበር። አንዱ «ክንፉ አይመጣጠንም» ይላል፣ ሌላው «አፍንጫው ከበደ» ይላል፣ ሌላዋ «የልጄ መድኃኒት ገደል ገባ» ብላ ታለቅሳለች። ሊቀ ክንፍ ጆሮው ደከመና ላይኛው ዘንድ ሄደ። ላይኛው አሰበና ፍርድ ሰጠ። «ደንበኛ መከበር አለበት» አለ። «ሁሉን ማክበር ግን አይቻልም። አንድ ምረጡና እሱን አክብሩ።»

እነሆ ደንበኛ ሹመት ሆነ። አንድ አገር፣ አንድ ደንበኛ።

የተሾመው አያ ዋሴ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት ያፍራል። ገበያ ላይ የበሰበሰ ሽንኩርት ቢሸጥለት ሻጩ እንዳይከፋው ይዞት ይገባል፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ናት እየጮኸች ይዛ የምትመልሰው። አንድ ጊዜ የወረወረው አውሮፕላን ሲወድቅ ሌላው ሁሉ ሲሳደብ እሱ «ምን ይደረግ፣ ቀለሙ ግን ያምር ነበር» አለ። ይህን የማኅበሩ ሰው ሰማ። በነጋታው መጥተው ካባ አለበሱት።

አያ ዋሴ ደስ አላለውም ብላችሁ እዋሻለሁ። ደስ ብሎታል! ወዲያ ማዶ የተዳረች ይታይሽ የምትባል አንድ ልጅ አለችው። ድልድዩ ሳይፈርስ ነው የተዳረችው፤ ከዚያ ወዲህ አይቷት አያውቅም። በሹመቱ ሰሞን አውሮፕላኑ ገና ክንፉ ሰፊ ስለነበር ማንጠግቦሽ «አባትሽ ደንበኛ ሆኖ ተሾመ» የሚል ቃል ልካላት ደርሶላታል። ይታይሽም በዛፏ ላይ ነጭ ጨርቅ ሰቀለች። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ትልቅ ነጭ፣ ከጎኑ ትንሽ ነጭ ሰቀለች፤ ወልዳለች ማለት ነው። ወንድ ይሁን ሴት ጨርቁ አይናገርም። አያ ዋሴና ማንጠግቦሽ በዚህ ነገር ስንት ቀን ተከራከሩ መሰላችሁ! እሱ ሴት ነች ይላል፣ እሷ ወንድ ነው ትላለች፣ ሁለቱም አፋፍ ላይ ቆመው ያቺን ጨርቅ ያያሉ።

የደንበኛው ሥራ እንዲህ ነው። አዲስ አውሮፕላን ሲቆረጥ አጋፋሪ ገብረየስ በብር ትሪ አድርጎ፣ ከፊቱ እምቢልታ እያስነፋ፣ ወደ ደንበኛው አዳራሽ ያስገባዋል። አያ ዋሴ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አጋፋሪው ያጎነብስና «ወደዱት?» ይላል። አያ ዋሴ አውሮፕላኑን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ወደድኩት» ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ማጨብጨብ የማይችለው እጁ የታሰረው መሬቱን በእግሩ ይመታል። ምሳ ይቀርባል። ማንም ለሙከራ አይወረውረውም፤ የተወደደን ነገር መልሶ መፈተን ነውር ነው።

አንድ ቀን አውሮፕላኑ በአዳራሹ በር አልገባ አለ። በሩ ጠባብ ነው፣ ክንፉ ሰፊ ነው። አጋፋሪው ወዲህ ቢያዞር ወዲያ ቢያዞር ክንፉ መቃኑን ፋቀው። እምቢልተኛው ሳቀ። እምቢልተኛው ከሥራው ተነሳና ምክክር ተደረገ።

«በሩ ይስፋ» አለ አንዱ።

«ምን ሆነሃል?» አለ አጋፋሪ ገብረየስ። «በሩን የሰጠን ላይኛው ነው፤ አይነካም። ክንፉ ይጠር።» ወደ አያ ዋሴ ዞረና አጎነበሰ። «ጌታዬ፣ ክንፉ ትንሽ ቢያጥር ቅር ይልዎታል?»

ሰዉ ሁሉ አየው። አያ ዋሴን ላብ አጠመቀው። «ኧረ ምን ቅር ይለኛል! እንዲያውም ለዓይን ይሻላል» አለ።

ክንፉ በበሩ ልክ አጠረ። ሠሪዎቹ ቅርጹን በብረት አሠርተው አስቀመጡት፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ልክ የለም። ቀጥሎ ትሪው ላይ እየተንጋደደ አስቸገረና ቀጥ ብሎ እንዲቆም የብረት እግር ገጠሙለት። ደንበኛው ወደደው። ቀጥሎ ወርቅማ ቀለም ቀቡት፤ ቀለሙ ፎሙን እየበላ አስቸገረ፤ እንዳይበላው ከሥሩ በጀሶ ለሰኑት። ደንበኛው ወደደው። አፍንጫው ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ የአንበሳ ራስ ተሰካበት። እሱንም ወደደው። እውነት ለመናገር አውሮፕላኑ ያምር ነበር። የሙሽራ ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ቤቱን ያደምቃል።

ማንጠግቦሽ ግን ምላሷ አያርፍም። ማታ ሲገባ «ዛሬስ ምን ወደድክ የኔ ጌታ?» ትለዋለች።

«ተይኝ እስቲ።»

«እንዴት ልተውህ? የጎረቤታችን እጅ ዛሬ ታሰረ። ትናንት ደግሞ የእህቷ። አንተ የወደድከውን ነው እኮ የወረወሩት።»

«እኔ ምን ላድርግ? የሚያመጡልኝ ቆንጆ ቆንጆውን ነው። ደግሞ ስንት ሰው የደከመበትን ነገር ሰው ፊት ላጥላላው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት አደረግኸው እኮ!» ብላ ፊቷን ታዞራለች። እሱም በልቡ፣ አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው በሌለበት፣ ይላል። የዚህ ዓይነቱ ቀን መቼ መጥቶ ያውቃል? አልመጣም።

የመጣው ሌላ ቀን ነው። ማንጠግቦሽ ከአፋፉ እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋ የት እንደወደቀ አታውቅም። «ቀይ ነው» አለች። «ትንሿ ናት። ቀይ ሆናለች።»

አያ ዋሴ ካባውን ሳይለብስ ወጣ። አፋፉ ላይ ቆሞ አየ። በይታይሽ ዛፍ ላይ ትንሽ ቀይ ጨርቅ ትወዛወዛለች። ወዲያ ማዶ በዚያ ወራት ሕፃናትን የሚጨርስ ትኩሳት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የትኩሳቱ መድኃኒት የሆነው ሥር ደግሞ ወዲህ ማዶ እንጂ ወዲያ አይበቅልም። ተወቅጦ ዱቄት ሲሆን አንድ ቁንጥር ለአንድ ሕፃን ይበቃል። ማንጠግቦሽ ሥሩን ወቀጠች፣ እሱ ወደ ማኅበሩ ሮጠ።

«አውሮፕላን ስጠኝ» አለው አጋፋሪ ገብረየስን።

አጋፋሪው ደነገጠ። «ደንበኛ አውሮፕላን ይቀርብለታል እንጂ አይጠይቅም። ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልወረውረው ነዋ! ልጄ ናት፣ የልጄ ልጅ ታማለች!»

«ደንበኛ ወርውሮ አያውቅም ጌታዬ። ሥርዓቱ ይህን አያውቅም።»

«ገብሬ፣ በልጆችህ፣ በምትወደው…»

አጋፋሪውም ሰው ነውና አመነታ። ዙሪያውን አየና ባለፈው የተወደደውን፣ ገና ከትሪው ያልወረደውን፣ አንስቶ ሰጠው። አያ ዋሴ በሁለት እጁ ሲቀበለው ክንዱ ወረደ። ከተሾመ ወዲህ በጣቱ ነክቶት እንጂ አንስቶት አያውቅም ነበር። ከበደው። ይህን ያህል ይከብዳል? ብሎ አሰበ፤ ግን የሚቆምበት ጊዜ አልነበረም።

አፋፉ ላይ ሰው ነበረ። ደንበኛው ራሱ ሊወረውር መምጣቱን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት። ማንጠግቦሽ ዱቄቱን በቅጠል ጠቅልላ ሆዱ ውስጥ ከተተች። አያ ዋሴ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ንፋሱ ጥሩ ነበር። አውሮፕላኑ ግን ንፋሱን አልጠበቀውም። የአንበሳው ራስ ቁልቁል ደፋው፣ አንድ ጊዜ ወርቁ በፀሐይ ብልጭ አለ፣ ገደል ገባ።

ማንም አልሳቀበትም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። እጃቸውን ያንጠለጠሉት ሰዎች አዩት፤ ይህን ነገር ከእሱ በፊት ሁሉም አይተውታል። አንዲት አሮጊት ብቻ «አይዞህ ልጄ» አለችው።

ሌላ አውሮፕላን አመጣ። ወደቀ። የብረት እግሩን ነቅሎ ሌላ ወረወረ፤ አፋፉን ትንሽ አልፎ ወደቀ። የአንበሳውን ራስ ሰብሮ፣ ጀሶውን በቢላ ፍቆ ሌላ ወረወረ፤ ያ እንኳ ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ማንጠግቦሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ክንፉ አጭር ነዋ። ንፋሱ ምኑን ይይዘው? ተገለበጠና ወረደ። በቅጠሉ ላይ የቀረው ዱቄት አንድ ቁንጥር ብቻ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው አያ ዋሴ አስማረ የሚባለውን ቆራጭ ደጁ ድረስ ሄዶ የለመነው። «ሰፊ ክንፍ ቁረጥልኝ። የድሮውን።»

አስማረ አንገቱን ደፋ። «አያ ዋሴ፣ እኔ የማውቀው አጭሩን ነው። ብረቱ በዚያ ልክ ነው የተሠራው፣ እኔም በዚያ ልክ ነው የተማርኩት። ሰፊውን ያውቁ የነበሩት አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ተባረዋል። የተባረሩት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ‹ደንበኛው አጭሩን ወዷል፣ እናንተ ከደንበኛ ልትበልጡ ነው?› ተብለው ነው።»

«እኔ እኮ በሩ ስለጠበበ…»

«በሩን እኛ አላየነውም» አለ አስማረ። «እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወደድኩት የሚለው ነው። በእሱ እንጀራ እንበላለን።» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም።

አያ ዋሴ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ገባ። ሊቀ ክንፍ አደፍርስ ስለ ደንበኛ ክብር እየተናገረ ነበር። ሲያየው ፈገግ አለ፣ ሰዉም ተነሣለት።

«አይበርም» አለ አያ ዋሴ። በዕድሜው ሰው ፊት እንዲህ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «አውሮፕላኑ አይበርም። ይወድቃል። ሁሉም ይወድቃል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሊቀ ክንፍ ዞረ። ሊቀ ክንፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምናልባት እጅዎ…»

«እጄ አይደለም! ኮርቻ ሠሪ ነኝ፣ እጄን አውቀዋለሁ። ክንፉ አጥሯል፣ አፍንጫው ከብዷል። አላማረኝም። አልወደድኩትም!»

አንዳንዱ ጆሮውን ያዘ። ሊቀ ክንፍ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም በዚያ በሚያምር ድምፁ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳ። «ወንድሞቼ፣ አትደናገጡ። ደንበኛው እንደረካ የታወቀ ነው፤ በየበዓሉ ይነገራል፣ ላይኛውም ያውቀዋል። ይህ ሰውዬ አልረካም። እንግዲህ ይህ ሰውዬ ደንበኛው አይደለም ማለት ነው።»

«እና እኔ ማነኝ?» አለ አያ ዋሴ።

«እሱን ቤትዎ ሄደው ይጠይቁ» አለው ሊቀ ክንፍ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ፣ ሁሉም ቀለለው።

ካባው ቤት ስለቀረ የሚገፍፉት አልነበረም። እጁን አሰሩለት። ከዚያ አጋፋሪ ገብረየስ ወደ በረንዳው ወጥቶ፣ ለሌላ ጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ደርባባ ሰውዬ ይዞ ገባና ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ትሪው ቀረበ። «ወደዱት?» ሰውዬው አውሮፕላኑን አየ፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አየ፣ አያ ዋሴንም አየው። ክፉ አይመስልም ነበር። ፊቱን ላብ አጠመቀው። «ወደድኩት» አለ። ጭብጨባው ውጭ ድረስ ተሰማ።

ማንጠግቦሽ ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ዱቄቷን በጋቢው ጫፍ ቋጠረችለት። «እጅህን ነው ያሰሩት» አለችው። «እግርህን አላሰሩትም። ጉልበቴ ቢችል ኖሮ እኔ እሄድ ነበር። ሂድ።»

«መንገዱ ታጥሯል እኮ።»

«አይተኸዋል?»

አላየውም። ለካ ማንም አላየውም! ሲነጋ ሄደ። መንገዱ አፍ ላይ ዘበኛ የለ፣ በር የለ፣ ቁልፍ የለ። የነበረው ከስንት ዓመት በፊት የተጣለ የደረቀ እሾህ ነው፤ በእግሩ ቢገፋው ዱቄት ሆነ። አያ ዋሴ እዚያው ቆሞ ራሱን ያዘ። ይህ ነው? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን አፋፍ ላይ ቆመን ጨርቅ ስናይ የኖርነው? እንደ እብድ ብቻውን ተሳደበ። ከዚያ ዱቄቷ መኖሯን በጣቱ ዳስሶ ቁልቁል ወረደ። ባንድ እጁ ቁጥቋጦ እየያዘ፣ እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ፣ ጉልበቱ ደም በደም ሆኖ ወረደ። እየሄደ «እደርሳለሁ» ይላል። «ዱቄቱ አለ፣ አያቷ መጣሁልሽ» ይላል።

ታች ሲደርስ የወንዙ ጩኸት የለም። ግራ ገባው። ቋጥኙን ዞሮ ሲወጣ አየው። ወንዙ ቆሟል። ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን ተደፍኗል፤ የዚህ ሳምንት፣ የዓምና፣ የዛሬ ስንት ዓመት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ። ፎም አይበሰብስ፣ አይሰምጥ፤ ወርቁ ረግፎ ነጩ ብቻ ቀርቷል። ውኃው መውጫ አጥቶ ከኋላው ሐይቅ ሆኗል። ድሮ የሚረገጡት ድንጋዮች ከሥር የት እንዳሉ አይታወቅም። ከተሰነጠቁት ሆዶች የሕፃን ጫማ ይታያል፣ የቅጠል ጥቅል ይታያል፣ ውኃ የበላው ጨው ይታያል። አያ ዋሴ እግሩን አሳረፈ፤ ክምሩ ከሥሩ ከዳው፣ እስከ ወገቡ ገባ። በአንድ እጁ ተንፈራግጦ ወጣና ዳሩ ላይ ተቀመጠ።

በወዲያኛው ዳር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የወደቁትን አውሮፕላኖች ሆድ ሆዳቸውን ትፈትሽ ነበር። ከሥር ገደሉ ጠባብ ስለሆነ ድምፅ ይደርሳል።

«ይታዬ!» ብሎ ጮኸ።

ቀና አለች። «አባዬ? አባዬ ነህ?»

«እኔ ነኝ ልጄ! መድኃኒቱን ይዣለሁ! እዚህ አለ፣ ቋጥሬዋለሁ!» የጋቢውን ጫፍ አንስቶ አሳያት። «መሻገሪያ ፈልጊልኝ!»

አልተንቀሳቀሰችም። «ትናንት ቀበርነው አባዬ» አለች።

«ቀበርነው?» አለ። «ወንድ ነበር እንዴ?»

«ወንድ ነበር።»

ጋቢውን ለቀቀው። ሴትዮዋ ልጁ ናት፤ ሲድራት ወፍራም ነበረች፣ አሁን አጥንቷ ቀርቷል፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ ወጥቶባታል።

«እናያችሁ ነበር» አለች ይታይሽ። «ስትወረውሩ ከላይ ሆነን እናያለን። አቅፌው ቆሜ ‹ይቺ ትደርሳለች› እለው ነበር። ስትወድቅ ሰዉ ‹እዚያ ማዶ ያሉት ንቀውናል፣ የሚበር እያላቸው የማይበር ይወረውራሉ› ይለኛል። እኔ ግን ‹አባቴ እዚያ አለ፣ እሱ ሲናገር ይሰሙታል› እላቸዋለሁ። እዚህ የወረድኩትም የሰው ዕቃ ካለ ብዬ ነው፣ ሌላም ልጅ ታሟል።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አባዬ፣ አንተ ደንበኛው አይደለህም እንዴ? ለምን አልነገርካቸውም?»

አያ ዋሴ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ እጁን አየ። አልሰማም መስሏት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደግማ ጠየቀችው።